ድንጋዩ ሳይሞቅ

ይታይሽ፣

ብዕሩን የያዘችው ልጅሽ ፈንታዬ ናት፤ ቃሉ ግን የኔ የባልሽ የቢያድግልኝ ነው። ፊደል እንደማልቆጥር ታውቂያለሽ። መሠረተ ትምህርት የመጣ ጊዜ እናንተ ደብተር ይዛችሁ ስትሄዱ እኔ ቤት ቀረሁ። የምትማሩበትን ቤት የገነባሁ ሰው፣ በሠራሁት ግድግዳ ውስጥ ተቀምጬ እንደ ሕፃን ሀ ሁ አልልም ብዬ ነው። ዛሬ ቆጨኝ። ቢሆንም ልጅሽ የምስክር ወረቀት ተቀብላለች፤ ጽሕፈቷም ቀጥ ያለ ነው ይላሉ። ከአፌ የወጣውን ሁሉ እንድትጽፍ፣ አንዲት ቃል እንዳትቀንስ፣ አስምያታለሁ።

ከተለያየን አሥራ አንድ ወር ከጥቂት ቀን ሆነን። ወሩን የቆጠረችው እሷ ናት። እኔ የምቆጥረው በሥራ ነው። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሰሊጡ ተዘራ፣ ታጨደ፣ ተራገፈ፣ በመኪና ተጭኖ ሄደ። ማሽላውም ገባ። የቀን ሠራተኛው ከደጋ ወርዶ አጭዶ ግማሹ ወዳገሩ ተመለሰ፣ ግማሹ እዚሁ መተማ ቀረ። እኔም የእህል መጋዘኑን ጨርሼ ለጤና ጣቢያው መሠረት አወጣሁ። ግድግዳው አሁን ከወገቤ በላይ ደርሷል።

ዛሬ እሑድ ነው፤ ቅበላ። ነገ ሁዳዴ ይገባል። ነገ እኔና ግንበኞቹ ገና ሳይነጋ ከቤት እንወጣለን፤ ልጅሽም አብራን ትወጣለች። ይህን የማስጽፈው ለዚያ ነው። ፈርቻለሁ፣ ይታይሽ። ይችን ቃል ከአፌ ሰምተሽ አታውቂም። ሌላም ሰው አልሰማም። ፈንታዬ ራሷ አሁን ብዕሩን አቁማ ቀና ብላ አየችኝ። ጻፊ፣ ብያታለሁ።

በቤቱ ልጀምር። ከድንበሩ ማዶ ከጋላባት ፍሬዋን በነጠላሽ ጫፍ ቋጥረሽ ያመጣሻት ኒም ቆርቆሮውን አልፋ አደገች። «ይች ደግሞ ምን ታፈራለች» ብዬ አሹፌብሽ ነበር። ጥላ አፈራች። አንገረባችንን፣ ያን የገመድ አልጋ፣ ከሥሯ አውጥቼ እዚያ ነው የምተኛ። ዛሬም በኔ በኩል ብቻ ስለምተኛ የኔ ጎን ገመዱ ረግቦ ጎድጉዷል፤ ያንቺ ጎን እንደተወጠረ ነው። ቀይዋ ፍየል መንታ ወለደች። ዝናቡ የጓሮውን አጥር ጥሎት ነበር፤ መልሼ አቆምሁት። ቡናማው ቀሚስሽ ከግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ አውርደው የሚለኝ ሰው ጠፋ፣ እኔም አላወርደውም።

ፈንታዬ ለቀብርሽ ከአብርሃ ጅራ ከእኅትሽ ቤት እንደመጣች አልተመለሰችም። ሠልስትሽ በወጣ በሳምንቱ እንስራሽን አነሣች። «አስቀምጪው» አልኋት። «ታዲያ ማን ውኃ ያቅርብልዎት፣ አባዬ?» አለችኝ። ይኸው እስካሁን ውኃውን የምታመላልሰው እሷ ናት።

ማለዳ እንዴት ትቀሰቅሽኝ እንደነበር ትዝ ይልሻል? ስሜን አትጠሪም። ትከሻዬንም አትነኪም። ከእንስራው በመዳፍሽ ትዘግኚና እግሬ ላይ ጠብ ታደርጊ ነበር። እኔም እየተሳደብሁ እነሣ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እየተሳደብሁ ተነሣሁ። አሁን እግሬ ደርቆ ነው የምነቃ። ነቅቼም እንደ ደረቀ እዚያው እጋደማለሁ፤ ምክንያቱም ሳይነጋ ከደጅ መውጣት ክልክል ነው።

ስለ ማለዳው መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ ያረፈው እሱ ላይ ነው። ደገኞቹ ይጠይቁን ነበር፤ ግንበኛ ምን አስቸኩሎት ከዶሮ ጋር ይነሣል እያሉ። ቆላ ወርደው አንድ ቀን እስኪሠሩ ድረስ ይስቁብን ነበር። ጥቁር ድንጋይ የዋለበትን ፀሐይ ይዞ ነው የሚያመሸው። ሙቀቱን አውጥቶ የሚጨርሰው ከዶሮ ጩኸት በኋላ ነው። ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት የምትፈልጊውን ይሆንልሻል። አራት ሰዓት ላይ መዳፍ መቆጥቆጥ ይጀምራል። አምስት ሰዓት ላይ በጨርቅ ይነሣል። ስድስት ሰዓት ላይ የፌሮውን ብረት የነካ ሰው ቆዳውን ትቶ ይሄዳል። የተቦካውም ሲሚንቶ እንደ ሰው ነው፤ ውኃውን ቀስ ብሎ ካልጠጣ አይጠነክርም። በቀትር ብትለስኚው ፀሐይ ውኃውን ከአፉ ትነጥቀዋለች፤ በማግስቱ በጥፍርሽ ብትፍቂው እንደ ዱቄት ይረግፋል። እኔ የሠራሁት ግድግዳ ረግፎ አያውቅም። የማይረግፈው በማለዳ ስለተሠራ ነው፤ በማለዳ የተሠራው ደግሞ አንቺ ስለቀሰቀስሽኝ ነው። ይህን በሕይወትሽ ሳለሽ አልነገርሁሽም።

ድንጋዩን እኛ በመዳፍ እንሞክረዋለን፤ አንቺ ጉንጭሽን ነበር የምታሳርፊበት። «ተኝቷል፣ ቶሎ በሉ» ትይን ነበር። ሞቅ ሲል ደግሞ «ነቅቷል፣ ተዉት» ትያለሽ። ሰዎቹ ከኔ ይልቅ ያንቺን ቃል ይሰሙ ነበር። «ነቅቷል» ካልሽ ሁሉም የግንብ ማንኪያውን ያስቀምጣል፤ እኔ እበሳጫለሁ፣ ግን አስቀምጣለሁ።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የማታውቂው ግን አለበት።

የዓምናው ሁዳዴ እኩሌታ ላይ ነበር። እሑድ ማታ ጥበቃዎቹ በድምፅ ማጉያ ለፈፉ። ሰው በጨለማ ወደ ጋላባት እየተሻገረ አስቸገረ ተብሎ፣ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ከደጁ የወጣ ሰው ቢተኮስበት ደሙ በራሱ ነው አሉ። እኛ ደግሞ አሥር ተኩል ላይ ተነሥተን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ድንጋይ የምናነሣ ሰዎች ነን።

ሰኞ ማለዳ እንደ ወትሮሽ እግሬ ላይ ውኃ ጠብ አደረግሽ። ነቅቼ ነበር፤ እንዳልነቃ ሆንሁ። ደግመሽ ጠብ አደረግሽ። «ተይኝ፤ ዛሬ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው የምንሄድ» አልሁሽ። «ድንጋዩ አይጠብቀንም» አልሽ። «ሕግ ሕግ ነው፤ እኔ ሕግ አክባሪ ሰው ነኝ!» ብዬ ጮኽሁብሽ።

ሕግ አክብሬ አልነበረም፣ ይታይሽ። ሌሊት ለሽንት ብዬ ወጥቼ ከመንገዱ ማዶ የጥበቃዎቹ ባትሪ ሲበራና ሲጠፋ አይቼ ተመልሼ ተጋደምሁ። የጓንግ ወንዝ ሞልቶ ሰው ሁሉ ዳር ቆሞ ሲያይ፣ ገብቼ በሬዬን በቀንዱ ጎትቼ ያወጣሁ ሰው፣ በባትሪ ብርሃን ፈራሁ። ላንቺ ፈራሁ ብል የምትስቂብኝ መሰለኝ። ብትስቂብኝስ ኖሮ ምን ነበረበት? ስቀሽብኝ ቤት ብንውል ኖሮ ምን ነበረበት?

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ወጣን። ኬላው ላይ ስም ሲጽፉ፣ ዕቃ ሲፈትሹ፣ እንደገና ስም ሲጽፉ፣ ከሥራው ቦታ ስንደርስ ሦስት ሰዓት አልፏል። ጉንጭሽን ድንጋዩ ላይ አሳረፍሽ። «ነቅቷል» አልሽ። ሁሉም ሰማሽ፤ ሁሉም ወደኔ አየ። የመጋዘኑ ማሰሪያ፣ የግድግዳውን አናት የሚይዘው ሲሚንቶ፣ በፌሮው ላይ የሚፈስበት ቀን ነበር። ማሰሪያ አንዴ ከተጀመረ አይቋረጥም፤ ከተቋረጠ ከዚያው ላይ ይሰነጠቃል። ለማግስቱ ማሳደር እችል ነበር። ነገር ግን ማለዳ በፈራሁት ተበሳጭቼ ነበር፤ ብስጭቴን በሥራ ልወጣው አሰብሁ። «ቢያድግልኝ እንደ ሴት ፀሐይ ፈራ እንዳትሉኝ! አቡኩ!» አልሁ። ይህን ያልሁት ካንቺ ፊት ነው።

አንቺ ውኃውን ታመላልሽ ጀመር። ጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ በአፍሽ አይዞርም። ጀርባሽ ከእንስራው በሚንጠባጠበው ረጥቦ፣ ከንፈርሽ ደርቆ ነጭ ሆኖ ነበር። ማለዳ ስንጀምር ጾሙ አይከብደንም ነበር። አራት ሰዓት ላይ እንጨርስና ከግራሩ ሥር ተጋድመን፣ ወሬ እያወራን፣ ዘጠኝ ሰዓትን እንጠብቃለን። ስንት ሁዳዴ እንዲያ አለፈ፤ አንድም ሰው አልወደቀብንም።

ስድስት ሰዓት ገደማ እንስራሽን አውርደሽ «ትንሽ ልረፍ» አልሽ። እኔ ከመወጣጫው ላይ ነበርሁ። ዘወር እንኳ ሳልል «መጀመሪያ ውኃውን አቀብይ» አልሁሽ። በባልዲ ቀድተሽ አቀበልሽኝ። ላንቺ የተናገርሁት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው። ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረን የተሰናበትሁሽ «ውኃውን አቀብይ» ብዬ ነው።

ባልዲውን ባዶ አድርጌ ስዞር ከእንስራው አጠገብ ተጋድመሻል። እንስራው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ወርጄ በቀረው ውኃ ራስሽን አራስሁት፣ ደረትሽን አራስሁት። በጣቴ ጫፍ ውኃ ወደ አፍሽ አቀረብሁ። ከንፈርሽን ገጠምሽ። ሰዓቱ አልደረሰም ማለትሽ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ሄድሽ።

ለሰው ሁሉ «ፀሐይ መታቻት» አልሁ። ፀሐይስ መታችሽ። ግን ለፀሐይዋ አሳልፎ የሰጠሽ የኔ ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቴን የሸፈንሁበት ኩራቴም ነው። ይህን ዛሬ የሰማችው ፈንታዬ ናት፤ ካንቺ ቀድማ ሰማችው። እያለቀሰች ትጽፋለች፤ ወረቀቱ ቢበላሽ አትቀየሚያት።

ከዚያ ወዲህ ክረምቱ መጣና ደመናው ጋረደን። በመስከረምና በጥቅምት ግንብ የሚገነባ የለም፤ ሰው ሁሉ ሰሊጥ ላይ ነው። ኅዳር ላይ ጤና ጣቢያውን ጀመርን። እስከ ጥር ድረስ ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለነበር ሁለት ሰዓት ላይ ጀምረንም ቻልነው። የካቲት ሲገባ ግን ፀሐይዋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ሰዓት እላፊው ግን እንዳለ ነው።

አንዱዓለም የሚባል ጎጃሜ ከኛ ጋር አለ። ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዶ የቀረ፣ ድንጋይ በባሬላ የሚሸከም፣ ረጅም ሰው። አንቺ ብታገኚው ትወጂው ነበር፤ አፉ አያርፍም። «አያ ቢያድግልኝ፣ ይች ያገራችሁ ፀሐይ ባል የላትም መሰለኝ፤ ባል ያላት ሴት እንዲህ ማልዳ አትወጣም» ይለኛል። «ያንተ አገሯማ እስከ ሦስት ሰዓት ጋቢ ተከናንባ ነው የምትተኛ» እለዋለሁ። ባለፈው ሐሙስ ይህ ሰው ባሬላውን እንደያዘ አንድ ቀልድ ጀመረና ሳይጨርሰው ወደቀ። ድንጋዩ ለጥቂት እግሩን ሳተው። ውኃ አፈሰስንበት፣ አጠጣነው፣ አስመለሰው፣ ነቃ። ተረፈ። የተረፈው ስለጠጣ ነው፤ ሐሙስ፣ የፍስክ ቀን፣ ስለነበር ነው። ያን ጊዜ ቀና ስል ፈንታዬን አየኋት። እንስራውን እንደተሸከመች ቆማለች። እንስራው ያንቺ ነው፤ አቋቋሟም ያንቺ ነው።

ማታ «ሁዳዴ ሲገባ ውኃ እንድትጠጪ» አልኋት። ደግሜ ብላት «እማዬ አልጠጣችም» አለች። ከሥራው ቅሪ ብላትም ያችኑ የድሮዋን መልስ ነው የምትሰጠኝ፤ ማን ያቅርብልዎት። አንቺን ማሳመን የቻልሁ ይመስል፣ ያንቺን ልጅ ላሳምን ተቀመጥሁ።

በማግስቱ ዓርብ ጧት፣ ወደ ጥበቃው አዛዥ ሄድሁ። ወደዚያ ቢሮ ሰው ሳይጠራ በራሱ እግር አይሄድም፤ የተጠራም ሲሄድ ቤተሰቡን ተሰናብቶ ነው። በሩ ላይ ስደርስ ሁለት ጊዜ ተመለስሁ። ሦስተኛው ላይ ገባሁ። አዛዡ ወጣት ነው፤ ከወገራ የመጣ ነው ይላሉ። ነጠላዬን አደግድጌ ቆሜ፣ ግንበኞች በአሥራ አንድ ሰዓት እንድንወጣ ይፈቀድልን አልሁ።

«አባት፣ በጨለማ የሚነሣ ሌባ ነው፣ አለዚያም ከሃዲ ነው። እናንተ የትኞቹ ናችሁ?» አለኝ። ከጀርባው የተቀመጠው ሰው ሳቀ። «ድንጋይ በቀን አይታያችሁም እንዴ?» አለ ደግሞ። ሌሊቱን ሙሉ ሳሰናዳው ያደርሁት ንግግር ሁሉ ጠፋ። ፊርማ የሌለው ሰው፣ በጨለማ ለመውጣት የሚለምን፣ ድንበር ላይ የሚኖር፤ ራሴን በሱ ዓይን አየሁትና እኔም ጠረጠርሁት። መጨረሻ ላይ ከአፌ የወጣው ይህ ነው፦ «በቃል አይገባም። በስድስት ሰዓት ይምጡና ድንጋዩን ይንኩት።» ወጥቼ ደጅ ላይ ቆምሁ። ምን ነካህ ቢያድግልኝ፣ አልሁ።

መጣ። በዚያው ቀን፣ ልክ በስድስት ሰዓት፣ ሁለት ታጣቂ አስከትሎ መጣ። ሰዎቹ ሁሉ ባሉበት ደረቁ። አንዱዓለም ገና ከትናንቱ መውደቅ ፊቱ እንደገረጣ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አያ፣ ጉድጓድ ሲያስቆፍሩልን የኔን ቁመት አይርሱት» አለኝ። ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ዋጥሁት። ያች ሳቅ ግን ጉልበት ሆነችኝ።

ፀሐይ ላይ የዋለ አንድ ጥሩ ድንጋይ አሳየሁት። በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ «እሺ፣ ሞቋል» አለ። «እንዲህ አይደለም። እኛ በሙሉ መዳፋችን ነው የምናነሣው» አልሁት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። አየኝ። ከዚያ መዳፉን አሳረፈ። በልቤ መቁጠር ጀመርሁ፤ አራት ሳልደርስ አነሣው። መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ድንጋዩ አቧራ ብቻ የያዘ ይመስል። ታጣቂዎቹ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዩ ነበር።

«ቀኑን ሙሉ ይህን ነው የምታነሡት?» አለ።

«ቀኑን ሙሉ ነው። ማለዳ ብንወጣ ግን ተኝቶ ሳለ እናነሣው ነበር» አልሁ። ያንቺን ቃል ነው የሰጠሁት።

በዚህ መሐል ፈንታዬ እንስራዋን ይዛ ደረሰች። ይች ማን ናት ብሎ ጠየቀኝ። «ልጄ ናት። እናቷ ዓምና በሁዳዴ፣ ማለዳ ስላልወጣን፣ በዚህ ሰዓት ውኃ እያቀረበች ቀረችብን» አልሁት። ለዘመድ ያልነገርሁትን ለሱ ነገርሁት። መዳፉን ጨብጦ ይዞ ነበር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ፈቃድ የለም። ወረቀትም አልጽፍም። በጨለማ ኮቴውን አጥፍቶ የሚሄድ ሰው ይተኮስበታል፤ ይህን እወቁ። ኮቴውን እያሰማ የሚሄድ ግን…» አለና ተወው። ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ሳይዞር፣ «ጆሮ አለን» አለ። ሄደ።

እንግዲህ የተሰጠን ይኸው ነው። ወረቀት አይደለም፤ ጆሮ ነው።

ስለዚህ ነገ እንዲህ እናደርጋለን። ሰባት ነን። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከኛ ደጅ እንነሣለን። ፊት የምሄደው እኔ ነኝ፤ በአንድ እጄ ፋኖስ፣ በክንዴ ባዶ ባልዲ፣ በሌላው እጄ የግንበኛ ማንኪያዬ። እየሄድሁ ማንኪያውን ባልዲው ላይ እመታለሁ። ሌሎቹም እንደዚሁ፤ አንዱዓለም መዶሻና ፌሮ ይይዛል። «ባልዲ እየደበደበ የሰረቀ ሌባ እስካሁን አልተወለደም» ይላል። ፈንታዬ ከመካከል ናት። ከፊቷ እኔ፣ ከኋላዋ ያ ረጅም ሰው። ከኔ አልፎ የሚመጣባት ነገር እንዳይኖር በዓይኔ ለክቻለሁ፤ እንደ ግድግዳ።

ግን ነገ ተራው የማን ነው? ያዛዡ ቃል ለተረኛው ደርሶታል? አዛዡ ራሱ ከመዳፉ ሕመም ጋር ቃሉን ረስቶት ቢሆንስ? ተረኛው ትናንት ጠመንጃ የተሰጠው ልጅ ቢሆንስ፣ በጨለማ ያ ሁሉ ብረት ሲንቋቋ ሰምቶ እንደኔ ቢፈራስ? የፈራ ሰው የሚሠራውን አውቃለሁ። እኔ አንድ ጧት ፈርቼ የሠራሁትን አውቃለሁ።

ብንቀርስ? ብንቀር ሥራውን ለሌላ ይሰጡታል፤ ሌላውም በቀትር ያሠራዋል። በሁለት ሰዓት ብንጀምርስ? ይች ልጅ በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ሳምንት ከእንስራው አጠገብ ትጋደማለች። ከሁለቱ ፍርሃት አንዱን መረጥሁ። ዓምና የቀረበኝን ፍርሃት ሰማሁ፣ ባትሪውን። ዘንድሮ የሩቁን ሰማሁ። ልክ መሆኔን ግን አላውቅም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ልክ ነኝ ብዬ እምል ነበር፤ አሁን መማል አቆምሁ።

አንድ ነገር ቃል እገባልሻለሁ። መንገዳችን በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው የሚያልፍ። አንቺ ከአጥሩ ወዲያ ነሽ፤ ከራስጌሽ ያቆምሁት ድንጋይ ያን ሰዓት ቀዝቅዞ፣ ጤዛ ባይኖረውም ጤዛ የነካው ይመስላል። እዚያ ስንደርስ ቆም እልና ባልዲውን ሦስት ጊዜ እመታለሁ። ለጥበቃው አይደለም፤ ላንቺ ነው። አንዱን «ተነሥቻለሁ» በይው። ሁለተኛውን «ልጅሽ አብራኝ ናት» በይው። ሦስተኛውን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ያን ቀን ከመወጣጫው ሆኜ ዘወር ብዬ ልልሽ ይገባኝ የነበረ ነው፤ ዕረፊ የሚል። እጄ ማንኪያ መያዝ እስከቻለ ድረስ በየማለዳው እመታዋለሁ። ማንኪያ መያዝ ሲያቅተኝ በከዘራዬ እመታዋለሁ። ይህን የምረሳ ከሆነ የሠራሁት ግድግዳ ሁሉ ይርገፍ።

አንዲት ነገር ቀረችኝ። ሁሉም ቢሆንልን፣ ጥበቃውም ቢያሳልፈን፣ ድንጋዩም ተኝቶ ቢጠብቀን፣ ይች ልጅ ውኃ እጠጣለሁ አላለችኝም። ሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀን ነው። አንቺ በሕልሟ ምከሪያት። እኔን አትሰማኝም። ይህንንም ጻፊው፣ ፈንታዬ፤ ምን ታይኛለሽ? ጻፊው።

እማዬ፣ ይህን አባዬ አላሉም፤ እኔ ነኝ። ትናንት የነፍስ አባቴን ጠይቄ «ውኃ ጠጥተሽ ጹሚ፣ ልጄ» ብለውኛል። እልህ ይዞኝ ለአባዬ አልነገርኋቸውም። ነገ ከተጠማሁ እጠጣለሁ። ማለዳም እኔ እቀሰቅሳቸዋለሁ፤ እግራቸው ላይ ውኃ ጠብ አድርጌ። ቢሳደቡም እሰማቸዋለሁ።

ምንድን ነው የምትጽፊው? እኔ ዝም ብያለሁ፤ እጅሽ ግን ይሄዳል። እኔ ያላልሁትን ጻፍሽበት እንዴ? ፊደል ባላውቅም ቁጥሩን አውቃለሁ፤ አራት መስመር ያህል ነው። ተይ፣ አትፋቂው። ለናትሽ ከሆነ ይሁን።

በይ አሁን አንብቢልኝ። ከራሱ ጀምሪ፤ ቀስ ብለሽ። ፈርቻለሁ ካልሁበት ስትደርሺ ድምፅሽን ዝቅ እንዳታደርጊ። ያችን የራስሽንም አራት መስመር ስትደርሺባት አንብቢልኝ፤ እንዳትዘይዋት።